«ጉሮሮዬ የት ሄደ?» ታካሚ ሳይተኛ ቱቦ ስለማስገባት በስህተቴ የተማርኩት

ሥራዬ ለቀዶ ሕክምና ሰው በሰመመን ማስተኛት ነው። ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በሐሳቤ የሚመላለሱት ግን ያስተኛኋቸው ብዙዎቹ ሳይሆኑ አስቀድሜ ላስተኛቸው የማልችላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። መንጋጋቸው የተቆለፈ፣ አገጫቸው በእሳት ጠባሳ ከደረታቸው ጋር የተጣበቀ፣ እንቅርታቸው የአየር ቧንቧቸውን ወደ ጎን የገፋባቸው ሰዎች። እንዲህ ያለውን ሰው መጀመሪያ ብታስተኙት ትንፋሹ ይቆማል፤ የመተንፈሻ ቱቦ ልታስገቡለት ስትሉ ደግሞ አፉ አይከፈትም፣ አንገቱም አይቃናም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ታካሚው ነቅቶ፣ በራሱ እየተነፈሰ፣ ጉሮሮው ብቻ ደንዝዞ ቱቦው ይገባል። ሰመመኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው በሙያው ላይ ላላችሁ፣ በተለይም ከትልልቅ ሆስፒታሎች ርቃችሁ አንድ ፋይበሮፕቲክ ስኮፕ (የጉሮሮን ውስጥ እያዩ ቱቦ የሚያስገቡበት መሣሪያ) በእርዳታ ደርሷችሁ «እንግዲህ ሞክሩት» ለተባላችሁ ነው። እኔ እንደዚያ ተብዬ ነበር። ስኮፑ ከካርቶኑ ሲወጣ ሁላችንም ከበብነው። እንደ እባብ የሚታጠፍ፣ ጫፉ ላይ ብርሃን ያለው፣ ዓይንን የሚማርክ ዕቃ ነው። ለአንድ ወር ያህል በፕላስቲክ አሻንጉሊት ላይ ስነዳው ከረምኩ፤ እጄም ፈታ። አሻንጉሊቱ አያስልም፣ አይተፋም፣ እጄን ይዞ «በቃኝ» አይለኝም። ጉሮሮ ማደንዘዝ የሚባለውን ነገር በመጽሐፍ አንብቤ፣ ሊዶካይን የሚባለውን ማደንዘዣ ሁለት ሦስት ጊዜ መርጨት እንደሆነ አድርጌ አለፍኩት። ስህተቴ ሁሉ ከዚያች ንቀት ይጀምራል።

የመጀመሪያው ታካሚዬ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። በሕፃንነቱ ከዛፍ ወድቆ አገጩን ተመትቷል፤ የመንጋጋው መጋጠሚያ ቀስ በቀስ አጥንት ለአጥንት ተዋሕዶ ቀረ። በጥርሶቹ መካከል ጥፍር እንኳ አያስገባም። ፊት ለፊት አንዲት ጥርስ ወልቃለት ስለነበር በእሷ ክፍተት አጥሚትና ሾርባ እየመጠጠ ነው ያደገው። የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ወደ ሆስፒታላችን መጥተው ነበርና ወረፋው ረጅም፣ ጥድፊያውም የዚያኑ ያህል ነበር። ልጁን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኛሁት። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «አይዞህ፣ ምንም አይሰማህም» አልኩት። ይህቺን ዓረፍተ ነገር አስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ምራቅ የሚያደርቀውን አትሮፒን የሰጠሁት ያኔውኑ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። አትሮፒን ገና የሚመጣውን ምራቅ ይቀንሳል እንጂ አፍ ውስጥ የተጠራቀመውን አያነሳም፤ ጊዜም ይፈልጋል። በአፍንጫው ሊዶካይን ጄል ቀባሁ፤ የደም ሥሮቹን የሚያጠብ ምንም ነገር አልጨመርኩም። ከዚያ በአፍንጫው በኩል ሊዶካይን አፈሰስኩና አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቄ ስኮፑን አስገባሁ። አንድ ደቂቃ! ዛሬ ተማሪዎች እንዲህ ሲያደርጉ ሳይ እጃቸውን የምይዘው ያችን ደቂቃ እያስታወስኩ ነው። ምራቁ ሊዶካይኑን አጥቦት ወርዷል፤ የቀረው ሥጋ ገና አልደነዘዘም። ስኮፑ ከምላሱ ሥር ሲደርስ ልጁ በኃይል አሳለ፣ አቅለሸለሸው፣ እጄን ጨምድዶ ያዘ። አፍንጫው መድማት ጀመረ። በስኮፑ የማየው ቀይ ጉም ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ያልደነዘዘ ጉሮሮን በእንቅልፍ መድኃኒት ለማሸነፍ ሞከርኩ። ዳያዜፓም ሰጠሁ፤ ደገምኩ፤ ኬታሚን ጨመርኩ። ኬታሚን ደግሞ ምራቅ ያበዛል፤ በእሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ሆነ። ልጁ «በረጅሙ ተንፍስ» ስለው መስማት አቆመ፣ አንኮራፋ፣ በደሙ ያለው ኦክስጅን ወደ 78 በመቶ ወረደ። መንጋጋው ተቆልፎ አፉን ከፍቼ ልረዳው አልችልም። በአንደኛው አፍንጫው ለስላሳ የአየር መተላለፊያ አስገብተን፣ ማስክ ይዘን፣ ሁለት ሰው ተረባርበን መለስነው። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ «ዛሬ ይቅር» አለ። ሰውየውን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ልጠይቀው ሄድኩ። አልጋው ላይ ተቀምጦ በተገጠሙ ጥርሶቹ መካከል ቀስ ብሎ ተናገረ፦ «ውኃ ውስጥ የሰጠምኩ መሰለኝ። ምንም አይሰማህም ብለውኝ አልነበር?»

አባቱ በዚያው ቀን ወደ አገራቸው ይዘውት ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ለብዙ ወራት ስኮፑን አልነካሁትም። መሣሪያው አይረባም፣ መድኃኒቱ ጊዜው አልፎበት ይሆናል፣ ልጁም ፈሪ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ያዳነኝ አዲስ አበባ ለአንድ ወር ሥልጠና መላኬ ነው። እዚያ ያገኘኋት ሰው ሁሉም «ሲስተር» እያለ የሚጠራት አንጋፋ የሰመመን ባለሙያ ነበረች። ታሪኬን ሳልደብቅ ነገርኳት። አልቆጣችኝም፤ አልፈረደችብኝም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለመሆኑ ጉሮሮ ሲደነዝዝ ምን እንደሚሰማ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። በሰው ጉሮሮ ላይ የማደርገውን በራሴ ጉሮሮ ቀምሼው አላውቅም።

በማግስቱ ጾሜን ቀርቤ፣ የልብ ምትና የኦክስጅን መለኪያ ተገጥሞልኝ፣ የድንገተኛ መድኃኒቶች በአጠገቤ ተደርድረው፣ እሷ ራሷ በጥቂት መጠን አደነዘዘችኝ። ይህን ብቻችሁን ቤታችሁ አትሞክሩት፤ ሊዶካይን ቀልድ አይደለም። ወፍራሙን ሊዶካይን በአፌ ይዤ ስጉመጠመጥ መጀመሪያ የመጣው ምሬት ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ያውቀዋል። ቀጥሎ ምላሴ ወፈረ፤ ቀጥሎ ጉሮሮዬ ያበጠ መሰለኝ። ምራቄን ልውጥ ስሞክር መዋጤን አላውቅም። አየሩ እየገባ መሆኑን መለኪያው 98 እያለ ያሳየኛል፤ እኔ ግን አየሩ ሲያልፍ ስለማይሰማኝ የታፈንኩ መሰለኝ። ባለሙያ ሆኜ፣ ነገሩን አውቄው፣ ደረቴ ድው ድው አለ። ያ ልጅ ምን ተሰምቶት እንደነበር ያኔ ገባኝ። ማንም ያላስጠነቀቀው ሰው የጉሮሮው መጥፋት ሞት ሊመስለው ይችላል።

ሲስተር በምላስ መጫኛ እንጨት የምላሴን ሥር በስተቀኝ ነካች። ምንም። በስተግራ ነካች፤ አቅለሸለሸኝና ከወንበሩ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። ሳቀች። «አየህ? ግማሹን ነው ያደነዘዝነው። አንዱን ጎን ብቻ ፈትሸህ ብትገባ ኖሮ ሌላው ጎን ያባርርህ ነበር።» ከዚያች ቀን ወዲህ ሁለቱንም ጎን ሳልነካ ስኮፕ አንሥቼ አላውቅም። ሲያልቅ ደግሞ እንደ ልማዴ ቡና ላነሳ ስል እጄን መታችው። የደነዘዘ ጉሮሮ የሚዋጠውን ወደ ሳንባ ከመሄድ አይከለክልም፤ ስሜቱ በደንብ እስኪመለስ ሁለት ሰዓት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ለታካሚውም ለቤተሰቡም ይህን መንገር እንዳትረሱ። አንድ ኩባያ ውኃ ይዛ የምትጠብቅ ደግ እናት ሁልጊዜ አትጠፋም።

በዚያ ወር የተማርኩት የሰውነት ክፍሎች ትምህርት ለፈተና ካጠናሁት ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ አሁን መንገዱን በራሴ ጉሮሮ ማወቄ ነው። አፍንጫው የአምስተኛው የጭንቅላት ነርቭ ግዛት ነው። የምላሱ ሥርና የጉሮሮው ግድግዳ የዘጠነኛው ነው፤ ማቅለሽለሹ የሚነሣው ከዚህ ነው። ከማንቁርት ጀምሮ ወደ ታች ያለው ሁሉ የአሥረኛው ነው፤ ከድምፅ አውታሮቹ በላይ አንዱ ቅርንጫፉ፣ ከሥራቸው ሌላው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ረጭቶ ሁሉንም አደነዘዝኩ ማለት የለም። አፍንጫው ደንዝዞ ማንቁርቱ ያልደነዘዘ ሰው መጀመሪያ ላይ ጸጥ ብሎ ያታልላችሁና ልክ ቱቦው ሊገባ ሲል ይነሣባችኋል።

አንድ ነገር በመሐል ልበል። በፋይበሮፕቲክ ስኮፕ ቱቦ ያስገባው የመጀመሪያው ሐኪም ፒተር መርፊ ይባላል፤ ነገሩ የሆነው በ1967 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ነው። የተጠቀመበት መሣሪያ ለሐሞት ቧንቧ ምርመራ የተሠራ ነበር። ለጉሮሮ ያልተሠራ ዕቃ ይዞ ከተሳካለት፣ የእኔ ችግር የስኮፑ ዓይነት አልነበረም ማለት ነው።

ወደ ሆስፒታሌ ስመለስ ብዙም ሳይቆይ አንዲት እናት መጡ። በ40ዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ያሉ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ናቸው። ከዓመታት በፊት እንጀራ ሲጋግሩ ሕመሙ ጥሏቸው እሳት ላይ ወድቀዋል። ቃጠሎው ሲድን ጠባሳው ተኮማትሮ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ስቦ አጣበቀው። ወደ ላይ ማየት አይችሉም፤ የሰውን ፊት የሚያዩት ዓይናቸውን አግለብጠው ነው። አፋቸው የሚከፈተው ሁለት ጣት ያህል ነው። በቀዶ ሕክምናው ጠባሳው ተቆርጦ አንገታቸው ሊላቀቅ ነው። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ በአንገት ፊት በኩል መርፌ ማስገባትም ሆነ በድንገተኛ ቀዳዳ መክፈት ዘበት ነው፤ ቦታው ሁሉ ጠባሳ ነው። ብናስተኛቸውና ቱቦው ባይገባ መውጫ የለንም።

ከቀዶ ሐኪሙ ጋር የተነጋገርነው ከአንድ ቀን በፊት ነው። ቱቦው ባይገባስ ብለን ዕቅድ አወጣን፤ እሱ ጠባሳውን በጥቂትና በጣም በቀጠነ ሊዶካይን አደንዝዞ፣ እኔ በትንሽ ኬታሚን ረድቼ፣ አንገታቸው መጀመሪያ ይላቀቃል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። እኔ የማፈስሰው ሊዶካይንና እሱ የሚወጋው ሊዶካይን አንድ ደም ውስጥ ነው የሚገናኙት። ሂሳቡ የጋራ ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ ጻፍነው።

እናቲቱ ስብ ሳይቆጠር 46 ኪሎ ናቸው። የእንግሊዙ የአስቸጋሪ አየር መንገድ ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለዚህ ሥራ የሚፈስሰው ሊዶካይን በኪሎ ከ9 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይላል፤ ያውም የሰውነት ስብ ሳይቆጠር በሚሰላ ክብደት። 46 በ9 ሲባዛ 414 ሚሊግራም ይሆናል። ይህ ጣሪያው ነው፤ ጣሪያ ደግሞ ጭንቅላት የሚመታ ነገር ስለሆነ ከሥሩ ራቅ ብዬ መቆም እመርጣለሁ። በእጄ ያለው የ2 በመቶ ሊዶካይን ነበር፤ አንዱ ሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ነው። መድኃኒቱን ጭጋግ አድርጎ በሚያስተነፍሰው ኔቡላይዘር 5 ሚሊሊትር፣ 100። ለመጉመጥመጥ 4 ሚሊሊትር፣ 80። ለአፍንጫ፣ የደም ሥር የሚያጠብ አድሬናሊን ያለበት 2 ሚሊሊትር፣ 40። በስኮፑ በኩል ከድምፅ አውታሮቹ በላይ 40፣ ከሥራቸው 40። ድምሩ 300 ሆነ። ለቀዶ ሐኪሙ ምናልባት ቢያስፈልግ ከ100 እንዳያልፍ ነገርኩት። ታካሚው የሚተፋው ክፍል አለና እውነተኛው መጠን ከዚህ ያንሳል ብላችሁ ግን አትዘናጉ፤ የተተፋውን የሚለካ ሰው የለም። የ10 በመቶ ስፕሬይ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ አንዷ ርጭት 10 ሚሊግራም ናት። «ጨቅ ጨቅ» ስትሉ 20 ርጭት ሳታውቁት ያልፋል፤ ያ 200 ነው።

የሚጥል በሽታቸው ሌላ ጭንቀት ነበር። ሊዶካይን ሲበዛ ከንፈር ዙሪያ ይወርራል፣ የብረት ጣዕም ይመጣል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ንግግር ይንተባተባል፣ በመጨረሻም ያንዘፈዝፋል። ቢያንዘፈዝፋቸው የመድኃኒቱ ይሁን የበሽታው በምን ለይቼ አውቃለሁ? ስለዚህ የጠዋቱን ፌኖባርቢታላቸውን በጥቂት ውኃ እንዲውጡ አደረግን። ጾም ነው ተብሎ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲዘለል አይቻለሁ፤ አታድርጉት። ምልክቶቹንም አንድ በአንድ ነገርኳቸውና «ከነዚህ አንዱ ከመጣ ወዲያው ይንገሩኝ» አልኳቸው። ለሊዶካይን መመረዝ ማርከሻ የሚሆነው 20 በመቶ የስብ ኢሙልሽን ካላችሁ የት እንደተቀመጠ አስቀድማችሁ እወቁ። እኛ ጋ በቁልፍ የተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ ዕረፍት ላይ ካለ ሰው ኪስ ውስጥ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ገና ዎርድ ሳሉ፣ 0.5 ሚሊግራም አትሮፒን በጡንቻ ተሰጣቸው። የልብ ሕመም ላለበት ሰው ይህን ደጋግማችሁ አስቡበት፤ ልብን ያስሮጣል። 3 ሰዓት ሲሆን አፋቸው ደርቆ «ጥም ገደለኝ» ሲሉ ሰማሁና ደስ አለኝ። ደረቅ አፍ ላይ ነው መድኃኒት የሚይዘው። ጎዝ በሊዶካይንና በአድሬናሊን ነክረን ሁለቱም አፍንጫቸው ውስጥ አስቀመጥን። አሁን ጊዜ ነበረኝ። እንዲቀመጡ አደረግኩ፤ እኔም ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ሰው ተጋድሞ ከላይ ሲመጡበትና ተቀምጦ ፊት ለፊት ሲያናግሩት አንድ አይደለም።

ከዚያ ለልጁ ያልነገርኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። «እናቴ፣ መራራ ነው። ቀጥሎ ጉሮሮዎ ያበጠ ይመስልዎታል፤ አላበጠም። አየር የማይገባ ይመስልዎታል፤ ይገባል፣ ይህ ቁጥር ያሳየናል። ያስልዎታል። ግራ እጅዎን ካነሱ ያኔውኑ አቆማለሁ።»

የኔቡላይዘሩ ጭስ 15 ደቂቃ ያህል ወሰደ። ቀዶ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ በበሩ መስታወት አጮለቀ። ድሮ ቢሆን ያ አጮላለቅ እጄን ያፈጥነው ነበር። በዚያ ቀን ጀርባዬን ሰጠሁት። ተጉመጠመጡ፣ ተፉ። ድምፃቸው ሻከረ፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነው፣ መድኃኒቱ ማንቁርት ደርሷል ማለት ነው። ሳላቸውም ደከመ። ከዚያ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ በሻከረው ድምፃቸው፣ «ልጄ፣ ጉሮሮዬ የት ሄደ?» አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። «እዚሁ አለ እናቴ፣ ተኝቶ ነው» አልኳቸው።

የምላሳቸውን ሥር በቀኝም በግራም ነካሁ። ጸጥ። በአፍንጫቸው ቀጭን ቱቦ ኦክስጅን እየሄደ፣ በሞቀ ጨዋማ ውኃ ያለሰለስኩትን 6 ቁጥር ቱቦ ስኮፑ ላይ ሰክቼ ጎዙን ካወጣሁበት በሰፊው አፍንጫ ገባሁ። በስኮፑ ቀዳዳ ውስጥ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ (የኤፒዱራል ካቴተር) አሳልፌ፣ የድምፅ አውታሮቹ ሲታዩ 2 ሚሊሊትር ረጨሁ፤ ወደ ኋላ ተመልሼ ሁለት ደቂቃ በሰዓት ቆጠርኩ። ትንሽ አሳሉ። እንደገና ገብቼ በአውታሮቹ መካከል ወደ ታች ሌላ 2 ሚሊሊትር ረጨሁ፤ እንደገና ጠበቅኩ። ቱቦው ማንቁርት ላይ ሲደናቀፍ አልገፋሁትም፤ ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ ወደ ግራ ሩብ ዙር አዞርኩት፤ ገባ። የአየር ቧንቧው ቀለበቶችና ሁለት ቦታ የሚከፈልበት ቦታ በዓይኔ ታዩኝ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያውም ሞገዱን አሳየ። ሰመመኑን የሰጠሁት ይህ ሁሉ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። አንድም ጠብታ የእንቅልፍ መድኃኒት ከዚያ በፊት አልሰጠኋቸውም። ቢያስፈልግ ጥቂት መስጠት ክፉ አይደለም፤ ክፉው እንደ እኔ ያልደነዘዘውን ጉሮሮ በእሱ ለመሸፈን መሞከር ነው።

ስለ እንቅርት አጭር ነገር ልጨምር፤ ደጋ አካባቢ የምትሠሩ ብዙ ታገኛላችሁና። አንድ አዛውንት እንቅርታቸው በጣም ከማደጉ የተነሣ ተቀምጠው ነበር የሚተኙት፤ ሲተነፍሱም ፉጨት ይሰማል። በእንዲህ ያለ ሰው አንገት ላይ መርፌ አትውጉ፤ ምልክቱ ሁሉ ቦታውን ለቋል፣ ደሙም ብዙ ነው። ከዚህም በላይ መንገዱ በጣም የጠበበ ከሆነ ማደንዘዙ ራሱ፣ ሳሉም ጭምር፣ የቀረችውን ቀዳዳ ሊዘጋት ይችላል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ታጥቦና ለብሶ በአጠገባችሁ ሳይቆም አትጀምሩ። አዛውንቱ አማርኛ አያውቁም ነበር። ቋንቋቸውን የምታውቀው የጽዳት ሠራተኛችን ብቻ ስለነበረች የኦፕሬሽን ክፍል ልብስ አልብሰን አስገባናት። እጃቸውን ይዛ የምንለውን ሁሉ እየተረጎመች ቆየች። በዚያ ቀን ከሁላችን የበለጠ የሠራችው እሷ ናት፤ በመዝገቡ ላይ ግን ስሟ የለም።

ልጁ የተመለሰው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አባቱ አልነበሩም፤ ብቻውን ነው የመጣው። ስሙን ወረቀቱ ላይ ሳይ ሆዴ ተንቦጫቦጨ። ሌላ ባለሙያ እንዲሠራለት ልጠይቅ አሰብኩ፤ ስኮፑን በደንብ የሚያውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ዎርድ ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ይቅርታ ጠየቅኩት። «ያን ጊዜ ምንም አይሰማህም ያልኩህ ውሸት ነበር» አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ የሚሰማውን ሁሉ ከምሬቱ ጀምሬ ዘረዘርኩለት። ስለ እጅ ማንሳቱ ስነግረው ብቻ ቀና አለ። «ካነሳሁ በእርግጥ ያቆማሉ?» አለኝ። ይህንኑ ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ከመውጣቱ በፊት በድጋሚ ጠየቀኝ።

አፉ ስለማይከፈት መጉመጥመጥ የለም፤ ከምላሱ ሥር የሚደርስ እንጨትም የለም። አንገቱ ግን ጤናማ ነበር። አትሮፒኑን ከ40 ደቂቃ በፊት፣ ጎዙን በሁለቱም አፍንጫ፣ ኔቡላይዘሩን በማስክ። ከዚያ በማንቁርቱ ፊት ባሉት ሁለት ልም አጥንቶች መካከል ያለችውን ለስላሳ ጎድጓዳ በጣቴ ፈልጌ፣ ቆዳውን በትንሽ አደንዝዤ፣ የደም ሥር ካኑላ አስገባሁ። ሲሪንጁን ስስብ አየር ሲንቦጫቦጭ ታየ። የብረት መርፌውን አውጥቼ ፕላስቲኩን ብቻ አስቀረሁ፤ ሲያስል ብረት ውስጡ እንዳይቆርጠው። «አሁን በኃይል ታስላለህ፤ ሳሉ ነው መድኃኒቱን የሚያዳርሰው» አልኩትና 3 ሚሊሊትር በፍጥነት ሰጠሁት። አሳለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። እጁን ግን አላነሳም። ስለ ሳሉ ተነግሮት ነበርና።

መጀመሪያ እጁን ያነሳው ስኮፑ ከአፍንጫው ጀርባ ሲደርስ ነው። አቆምኩ፤ አወጣሁ። ምራቁን በሳክሽን መጥጠንለት፣ ጥቂት ሊዶካይን ጨምሬ፣ ሂሳቡ ላይ ጻፍኩና ሦስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ነርሷ ሰዓቷን አየች፤ እኔም እሷን አየኋት። ለሁለተኛ ጊዜ እጁን ያነሳው የድምፅ አውታሮቹን ልናልፍ ስንል ነው። ያኔም አቆምኩ። ስኮፑን ባለበት ይዤ ዝም ብዬ ቆምኩ፤ በስክሪኑ ላይ አውታሮቹ በየትንፋሹ ሲከፈቱና ሲዘጉ አየሁ። የሆነ ጊዜ ላይ እጁ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ጣቶቹን ወደ ፊት ሁለት ጊዜ ወዘወዘ፤ ቀጥል ማለቱ ነው።